የፒዩሪታን ቤተ ክርስቲያን በማን እጅ ነበረች? የዴዳም ሽማግሌዎችና ዲያቆናት

ፒዩሪታን ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ጥቁር የለበሰ ኮስታራ ሰባኪ ነው። እሱ ያዛል፣ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነው። ሰባኪውን መርጦ የሚጠራው ሕዝቡ ነበር። ማን አባል ይሁን፣ ማን ይባረር በሚለው ላይ የሚወስኑት ጎረቤታሞች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብና የቁርባን ዕቃም በሰባኪው እጅ ሳይሆን በዲያቆኑ እጅ ነበር። ዲያቆኑ ደግሞ ክህነት የሌለው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማሳው ላይ ወይም ሱቁ ውስጥ የሚውል ሰው ነው።

የእነዚህ ሰዎች ስም ብዙም አይነሳም። የዚያን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ግን ያለ እነሱ መረዳት አይቻልም። ቀጥሎ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የሆነው ሁሉ፣ እስከ ማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደረሰውን ጠብ ጨምሮ፣ ሥሩ ያለው እነሱ ጋ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ጥያቄው ሁሉ አንድ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን በተራ አባላት እጅ ከሆነች፣ አባል የሚባለው ማን ነው?

ይህን በአንድ ትንሽ ከተማ ታሪክ ላሳያችሁ። ከተማዋ ዴዳም ትባላለች፣ ከቦስተን በስተ ደቡብ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቻርልስ ወንዝ ዳር ናት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ትንሽ ስለ ዳራው። ፒዩሪታኖች የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገና ከካቶሊክ ሥርዓት አልጸዳችም ብለው የሚያምኑ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ከ1630 ጀምሮ በሺዎች እየሆኑ በሰሜን አሜሪካ ወዳለችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ማሳቹሴትስ ፈለሱ። እዚያ ሲደርሱ ጳጳስ የለባቸውም። እንዲኖርባቸውም አልፈለጉም። እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ራሱ አገልጋዮቹን ይመርጣል፣ ራሱ ይቀጣል፣ ራሱ ይምራል። ጎረቤት ጉባኤ ይመክራል እንጂ አያዝም። ከላይ የሚሾም ከሌለ ታዲያ ሹመቱ ከየት ይመጣል? ከታች፣ ከምእመናኑ።

ወደ ዴዳም የገቡት ሰዎች በ1636 የከተማ ቃል ኪዳን ጻፉና ፈረሙ። ሐሳባቸው ከእኛ የማይገጥም ሰዎችን አናስገባም አሉ። ጠብ ቢነሳ ደግሞ ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሰው ይዳኘን አሉ። ለእኛ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሽምግልና ማለት ነው። ከተማው በዚህ መልክ ቆመ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ገና አልነበራቸውም። ቤት መሥራት ስላቃታቸው አይደለም። በእነሱ እምነት ቤተ ክርስቲያን ማለት ሕንፃ ሳይሆን በቃል ኪዳን የተሳሰሩ አማኞች ናቸው። ሕንፃውን "መሰብሰቢያ ቤት" ነበር የሚሉት፣ የከተማ ስብሰባም እዚያው ይካሄድበታል።

ችግሩ አለመተዋወቃቸው ነው። ሠላሳ ያህል ቤተሰብ ከተለያየ የእንግሊዝ አውራጃ ተሰባስቦ መጥቷል። አንዱ የሌላውን እምነት አያውቅም። ስለዚህ በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ እየተዘዋወሩ መሰብሰብ ጀመሩ። የውይይቱ ጥያቄ ሰው እንዲዘጋጅበት ቀደም ብሎ ይነገራል። ባለቤቱ ጸሎት ያደርግና ቀድሞ ይናገራል፣ ከዚያ የፈለገ ይጨምራል፣ ያልገባው ይጠይቃል፣ ያልተስማማው ይቃወማል። ደንቡ አንድ ነው፦ ለመማር እንጂ ለመነታረክ አትናገሩ። አንድ ዓመት ገደማ እንዲህ ቀጠሉ። እኔ በጣም የምወደው የታሪኩ ክፍል ይሄ ነው። ጫካ መንጥረው፣ ቤት ሠርተው፣ ለክረምት እንጨት ፈልጠው ደክሟቸው ሳለ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ቁጭ ብለው "ቤተ ክርስቲያን ምንድን ናት? እርስ በርስ የማንተዋወቅ ሰዎች ልንመሠርታት እንችላለን ወይ? መብቱስ አለን?" እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ውይይቱን የሚመራው ጆን አሊን የሚባል የተማረ ሰባኪ ነበር። ግን ገና ሹመት የለውም። ጉባኤ ሳይኖር ማን ይሾመዋል? ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ የመሠረት ድንጋይ የሚሆኑ ጥቂት ሰዎች መምረጥ ነበር። አሥር ወንዶች ታጩ። እያንዳንዱ የእግዚአብሔር ጸጋ በነፍሱ ውስጥ እንዴት እንደሠራ በሌሎቹ ፊት ይናገራል። ጥያቄ ይቀርብለታል። ከዚያ ወጣ ይልና ሌሎቹ ስለ እሱ ይመክራሉ።

ሁሉም አላለፉም። አንቶኒ ፊሸር ችኩል ነው፣ ጠባዩ ያልበረደ ነው ተብሎ ቀረ። ጆሴፍ ኪንግስበሪ ልቡ ወደ ዓለም አድልቷል ተባለ። ሁለቱም አባል የሆኑት ከዓመታት በኋላ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር እኮ አጥር ተጋርቶ መኖር አለ፣ ነገ ከብት አብሮ ማሰማራት፣ መንገድ አብሮ መጥረግ አለ። ሆኖም ፊት ለፊት "አንተ ገና ነህ" ተባባሉ። በመጨረሻ ስምንት ሰዎች ተለዩ። ኅዳር 8 ቀን 1638 በቃል ኪዳን ተሳስረው የዴዳምን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። የቅኝ ግዛቱ ባለሥልጣናትና የጎረቤት ጉባኤዎች ቀድመው እንዲያውቁት ተደርጓል። ከ1636 ጀምሮ ያለ እነሱ እውቅና ጉባኤ መመሥረት በሕግ አይፈቀድም ነበርና።

ከዚያ የአገልጋዮች ምርጫ መጣ። አሊን ሰባኪ እንዲሆን ማንም አልተቃወመም። ክርክሩ የነበረው ሽማግሌው ማን ይሁን በሚለው ላይ ነው። አንዱ ዕጩ ራልፍ ዊሎክ ነበር፣ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ አንደበቱ የተባ ሰው። ሌላው ጆን ሃንቲንግ ነበር። ብዙ ተመካክረው ሃንቲንግን መረጡ። ዊሎክ ግን አኩርፎ አልሄደም፣ በኋላ ዴዳም በሕዝብ ገንዘብ ትምህርት ቤት ስትከፍት አስተማሪ የሆነው እሱ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1639 የሹመት ሥነ ሥርዓቱ ተደረገ። በዚያ ቀን የሆነውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሃንቲንግ ሽማግሌ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ ይኸው ሃንቲንግ ከሌሎች ከተመረጡ ወንድሞች ጋር ሆኖ አሊን ላይ እጁን ጫነና ሰባኪ አድርጎ ሾመው። የሌላ ከተማ ሰባኪዎች በቦታው ነበሩ። እጅ የጫኑት ግን የቤቱ ሰዎች ናቸው። የጎረቤት ጉባኤዎች ወኪሎች የኅብረት ቀኝ እጃቸውን ሰጡ፣ በቃ። በጳጳስ አንብሮተ እድ የክህነት ሰንሰለት ይቀጥላል ብሎ ለሚያምን ሰው፣ ለምሳሌ ለኦርቶዶክስ ምእመን፣ ይህ ምን ያህል የራቀ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

እዚህ ጋ የማዕረጎቹን ነገር ግልጽ ማድረግ አለብኝ፣ አለዚያ ቀሪው ይምታታል። በ1648 የኒው ኢንግላንድ፣ ማለት የማሳቹሴትስና የአካባቢዋ ቅኝ ግዛቶች፣ ጉባኤዎች ካምብሪጅ በተባለችው የማሳቹሴትስ ከተማ ተሰብስበው አሠራራቸውን በጽሑፍ አስቀመጡ። በዚያ ሰነድ መሠረት በአንድ የተሟላ ጉባኤ ውስጥ አራት ዓይነት አገልጋይ ይኖራል። ፓስተር፣ መምህር፣ አስተዳዳሪ ሽማግሌ እና ዲያቆን። ፓስተሩ ይመክራል፣ ያጽናናል። መምህሩ ትምህርተ ሃይማኖት ያብራራል። ሁለቱም በሙያቸው ሰባኪዎች ናቸው። ትንንሽ ከተሞች ለሁለት ሰባኪ ደመወዝ ስለማይችሉ ብዙ ጊዜ አንዱ ሁለቱንም ይሠራል። የቀሩት ሁለቱ፣ ሽማግሌውና ዲያቆኑ፣ ከምእመናን የሚመረጡ ናቸው። ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ አንባቢ ዲያቆን ሲባል ቅዳሴ የሚቀድስ ወጣት እንዳያስብ። የፒዩሪታኑ ዲያቆን ዕድሜው የገፋ፣ ባለ ትዳር፣ በከተማው የተከበረ ሰው ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው ገንዘብና ማዕድ ነው።

አስተዳዳሪ ሽማግሌው ከባድ ሥራ ነበረው። አዲስ አባል መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ክስ ወይም ቅሬታ ያለበትም እንዲሁ። ጉባኤውን ይጠራል፣ አጀንዳ ያዘጋጃል፣ ስብሰባ ይመራል፣ ድምፅ ይሰበስባል። የታመመ ይጠይቃል፣ ይጸልያል። ፓስተር ከሌለም ሕዝቡን በቃሉ ይመግባል። በአባላት መካከል በደል ሲነሳ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተጻፈውን መንገድ ያስከትላል። መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ በሁለት ሦስት ምስክር፣ ካልሆነ በጉባኤ ፊት። በደለኛው ቆሞ ከተናዘዘ ብዙ ጊዜ ይቅር ይባላል። እምቢ ካለ ከቁርባን ይታገዳል፣ ሲብስ ይለያል።

የሽማግሌው ሥልጣን እስከ የት እንደሚደርስ ለማየት ጥሩው ምሳሌ ከጎረቤቱ የፕሊማውዝ ቅኝ ግዛት ዊልያም ብሩስተር ነው። የፕሊማውዝ ሰዎች ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጨርሰው የተለዩ ስለሆኑ ከማሳቹሴትሶቹ ትንሽ ይለያሉ፣ የቤተ ክርስቲያን አሠራራቸው ግን ተቀራራቢ ነው። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ሲመጡ ፓስተራቸው ሆላንድ ቀርቷል። ሽማግሌው ብሩስተር ስለነበር ለዘጠኝ ዓመት ያህል እሱ ሰበከ፣ እሱ አስተማረ። ማጥመቅና የጌታን እራት ማቅረብ ግን አልቻለም፣ የፓስተር ሥራ ነውና። ለዓመታት ያለ ቁርባን ቆዩ። ሕዝቡ ራሱ መርጦ የሚሾም ቢሆንም፣ ያልተሾመበትን ሥራ ማንም አይነካም ነበር።

ይህ የሽማግሌ ሹመት ብዙ አልቆየም። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአብዛኞቹ ጉባኤዎች ጠፍቷል። ሥራው ከፓስተሩ ጋር ይጋጫል፣ ጠላት ያፈራል፣ ደመወዝም የለውም። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ሲሞቱ ብዙ ቦታ ተተኪ አልተመረጠም። የቀረው ዲያቆኑ ነው።

ዲያቆኑ የሦስት ማዕድ አገልጋይ ነው ይሉ ነበር። የጌታ ማዕድ፣ የሰባኪው ማዕድ፣ የድሆች ማዕድ። ኅብስቱንና ወይኑን ያዘጋጃል። ሰባኪው የሚተዳደርበት ነገር መድረሱን ይከታተላል። መዋጮ ይሰበስባል፣ ለመበለትና ለችግረኛ ያካፍላል። የቤተ ክርስቲያኑን ጽዋ፣ ሰነድና ገንዘብ ይጠብቃል። እሑድ የሚቀመጠው ከመስበኪያው ሥር፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ነው። መዝሙረ ዳዊት ሲዘመር መጽሐፍ የሌለው ወይም የማያነብ ስለሚበዛ፣ ዲያቆኑ አንድ መስመር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ያነባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስንት ዲያቆን ስሙን ያስጠራል ብትሉ እምብዛም ነው። የሚያስጠራው ሥራ አይደለም። የሂሳብ ደብተርና የእህል ስፍር ነው። ግን አንድ ጉባኤ ፓስተር ሞቶበት ሌላ እስኪያገኝ ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ፣ ቤቱን አቁሞ የሚያቆየው ይህ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። እነዚህን መሪዎች የሚመርጠው አባል ማን ነው? በከተማው የሚኖር ሁሉ እሑድ ስብከት መስማት ግዴታው ነው። ለሰባኪው ማዋጣትም እንደዚሁ። አባል ግን አይደለም። አባል ለመሆን የጸጋ ልምዱን ተናግሮ ተቀባይነት ማግኘት አለበት። ሴቶች አባል ይሆናሉ፣ በብዙ ጉባኤዎች ከወንዶች ይበዙ ነበር። ድምፅ ግን የላቸውም። ምስክርነታቸውንም ብዙ ጊዜ የሚሰጡት በጓዳ ለሽማግሌዎቹ ነው። እንግዲህ "ሕዝቡ መረጠ" ስል የቆየሁት ወንድ አባላትን ማለቴ ነው፣ ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ከዚያም በላይ፣ ከ1631 ጀምሮ በቅኝ ግዛቱ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ወንድ ብቻ ነበር። ሰባኪ የመንግሥት ሥልጣን አይዝም፣ ይህ ክልክል ነው። ዲያቆን ግን ሊይዝ ይችላል። ከዴዳም መሥራቾች አንዱ ኤልያዛር ሉሸር ለዓመታት የከተማው አስተዳዳሪና በቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ተወካይ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ከተማውም ላይ የሚታዩት ያው ሰዎች ናቸው።

ይህ አሠራር ሲበላሽ በጣም ይበላሻል። በ1692 በሴለም መንደር፣ ዛሬ ዳንቨርስ በምትባለው፣ በጥንቆላ ክስ የሆነውን ብዙዎች ሰምታችኋል። የሚወራው ስለ ዳኞቹና ስለ ልጃገረዶቹ ነው። የሁለቱ ዲያቆናት ድርሻ ግን ብዙም አይነገርም። ናትናኤል ኢንገርሶል ዲያቆን ነው፣ የመጠጥና የእንግዳ ማረፊያ ቤትም አለው። የመጀመሪያው ምርመራ እሱ ቤት እንዲሆን ታስቦ፣ ሰው ሲበዛ ነው ወደ መሰብሰቢያ ቤቱ የተዛወረው። ሌላው ዲያቆን ኤድዋርድ ፑትናም ነው። የእኅት አባላቸው የማርታ ኮሪ ስም በተነሳ ጊዜ፣ ፑትናም ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ሆኖ ቤቷ ድረስ ሄዶ ጠየቃት። ለምን እንደሄዱ ሲያስረዳ አባላችን ስለሆነች ቀድመን ማነጋገር ግዴታችን ነው በሚል ነው። ያ የማቴዎስ 18 መንገድ፣ ወንድምን ለማዳን የተሠራው፣ እዚህ የክስ ማስረጃ መሰብሰቢያ ሆነ። በመስከረም ሞት ከተፈረደባት በኋላ ሰባኪው ሁለቱን ዲያቆናት አስከትሎ እስር ቤት ሄደና ከቤተ ክርስቲያን መለየቷን አነበበላት። በቀናት ውስጥ ተሰቀለች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚከብደኝ ዲያቆናቱ ጨካኝ ስለነበሩ አይደለም፣ ጎረቤቶቿ ስለነበሩ ነው። አብረዋት ቁርባን የተቀበሉ፣ ኅብስቱን ያዞሩላት ሰዎች ናቸው።

ወደ ዴዳም ልመለስ። በ1648 ከከተማው ወንዶች 70 በመቶ ገደማ አባላት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያንና ከተማ አንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው ግን ያን የጸጋ ልምድ "አለኝ" ብሎ ለመቆም ፈሩ። አባል ካልሆኑ ልጆቻቸው አይጠመቁም። በ1662 በቦስተን የተሰበሰቡ ሰባኪዎችና ወኪሎች ለዚህ መፍትሔ አሉ። የተጠመቀና ጨዋ ኑሮ የሚኖር ሰው፣ ሙሉ አባል ባይሆንም፣ ልጁን ያስጠምቅ ተባለ። የዴዳሙ ጆን አሊን ይህን ከደገፉት አንዱ ነበር፣ ጽፎም ተሟግቶለታል። የገዛ ጉባኤው ግን አልቀበልም አለው። ሠላሳ ዓመት የመራቸው፣ የሚያከብሩት ሰው ነው። አሁንም እምቢ አሉ። በ1671 ሲሞት ጉዳዩ እንዳለ ነበር። በዚህ ጉባኤ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የማን እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ግን ዋጋ አለው። በሩ ጠበበ፣ ከተማው ሰፋ። በትውልዶች ውስጥ አባላቱ ትንሽ ክፍል ሆኑ፣ ዙሪያቸው ደግሞ ግብር የሚከፍል፣ እሑድ የሚመጣ፣ አባል ያልሆነ ብዙ ሰው። ይህን ሰፊ ስብስብ ሰበካ እንበለው። ሰበካው ማለት ቀረጥ የሚከፍሉ ነዋሪዎች ሁሉ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ማለት ቃል ኪዳን የገቡት ጥቂቶች። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፣ አንድ ሰባኪ ይጋራሉ። የጥንቱ ልማድ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰባኪ ትመርጣለች፣ ሰበካው ይስማማል የሚል ነበር። በ1780 የወጣው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ግን ሰባኪ የመምረጥ መብትን ለከተሞችና ለሰበካዎች ሰጠ። ለጊዜው ማንም አልተጨነቀም፣ ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ ይስማሙ ነበርና።

ንብረቱስ? ዴዳም ውስጥ በ1600ዎቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰጠ መሬት ነበር። መሬቱ ቀስ በቀስ ተሸጦ ገንዘብ ሆነ፣ ገንዘቡም ለብድር ተሰጥቶ ወለድ የሚያመጣ ሰነድ። ያንን የሚይዘው ዲያቆኑ ነው። ሕጉም ይህን አጽንቶታል። በ1754 ማሳቹሴትስ ባወጣችው ሕግ የጉባኤ ዲያቆናት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ንብረት በሹመታቸው እንዲይዙና ለተተኪያቸው እንዲያስተላልፉ፣ ስለ ንብረቱም እንዲከሱ እንዲከሰሱ ሕጋዊ ሰውነት ተሰጣቸው። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ዲያቆኑ የያዘው የማን ነው? የጥቂቶቹ አባላት ወይስ የሰበካው?

በ1818 ጥያቄው ፈነዳ። ፓስተሩ ጆሹዋ ቤትስ የሚድልበሪ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሄደ። ያን ጊዜ የማሳቹሴትስ ጉባኤዎች በሃይማኖት ለሁለት እየተሰነጠቁ ነበር። አንዱ ወገን በሥላሴ ትምህርትና በቀድሞው የካልቪን እምነት ጸና። ሌላው ወደ ዩኒታሪያን፣ ሥላሴን ወደማይቀበል አስተሳሰብ አዘነበለ። ሰበካው አልቫን ላምሰን የሚባል ከሃርቫርድ የወጣ ወጣት ሰባኪ በ81 ድምፅ ለ44 መረጠ። ላምሰን ለአዲሱ አስተሳሰብ የቀረበ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ድምፅ ሲሰጥ ግን አብዛኞቹ፣ በጠባብ ልዩነት ቢሆንም፣ አንፈልገውም አሉ። ሰበካው በመብቴ ነው ብሎ ቀጠለና በዚያው ዓመት ጥቅምት ላምሰን ተሾመ። ያልተስማሙት አባላት፣ ብዙኃኑ፣ ወጡ። ዲያቆን ሳሙኤል ፌልስም አብሯቸው ወጣ። የገንዘብ ሰነዶቹ ደግሞ እሱ እጅ ናቸው።

የቀሩት አባላት ተሰብስበው ፌልስን ሻሩና ሌሎች ዲያቆናት መረጡ። አንዱ ኤሊፋሌት ቤከር ነው። አዲሶቹ ዲያቆናት አሮጌውን ዲያቆን ከሰሱት። የክሱ መዝገብ ቤከር በፌልስ ላይ ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወቃል፣ ብዙ ሰው ደግሞ የዴዳም ጉዳይ ይለዋል። እስቲ የፌልስን አቋም አስቡት። እሱን የመረጠችው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ሰበካው አይደለም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ብዙኃን ከእሱ ጋር ናቸው። አያቶቹ ከ1638 ጀምሮ የኖሩበት ሥርዓት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ማለት ቃል ኪዳን የገቡት ናቸው ይላል። ሰነዱን ለማን ያስረክብ?

ፍርድ ቤቱ በ1820 መዝገብ ፈረደበት። ውሳኔውን የጻፉት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ አይዛክ ፓርከር ናቸው። ነጥቡን በቀላሉ ላስቀምጠው። በሕግ ዓይን ቤተ ክርስቲያን ከሰበካ ተለይታ ራሷን ችላ አትቆምም። የጥንቶቹ ሰዎች መሬት የሰጡት በከተማው ሰባኪ እንዲኖር ነው፣ ጥቅሙም የከተማው ሁሉ ነው። ስለዚህ አባላት ከሰበካው ቢወጡ፣ ብዙኃን ቢሆኑም እንኳ፣ እንደ ግለሰብ ወጡ እንጂ ቤተ ክርስቲያኒቱን ይዘው አልወጡም። የቀሩት ጥቂቶች ቤተ ክርስቲያኒቱ ናቸው፣ ንብረቱም የእነሱ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። ፍርዱ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም ባይ ነኝ። እነዚያ ስምንት ሰዎች በየሐሙሱ አንድ ዓመት የተከራከሩት ቤተ ክርስቲያን ከከተማ የተለየች ነገር ናት ብለው ስላመኑ ነው። ፊሸርንና ኪንግስበሪን ያስቀሩት ለዚህ ነው። ከተማዋ እኮ ያን ጊዜም ነበረች፣ ሁለቱም ነዋሪዎቿ ነበሩ። በሌላ በኩል የሰበካው ሰዎች ጥያቄም ቀላል አይደለም። ለትውልድ ግብር ከፍለዋል፣ ጣሪያውን አሳድሰዋል፣ ሰባኪውን ቀልበዋል። እየከፈሉ ድምፅ የለህም መባል ፍትሕ ነው ወይ? የጥንቶቹ መሥራቾች የተዉት ቀዳዳ ይሄ ነው። በሩን ጠባብ አድርገው ወጪውን ለሁሉም አከፋፈሉት።

የዴዳም ፍርድ በሌሎች ከተሞችም ተከተለ። በሚቀጥሉት ዓመታት በደርዘኖች የሚቆጠሩ ነባር ጉባኤዎች ውስጥ የቀድሞውን እምነት የያዙት ወጥተው ሕንፃውንና ገንዘቡን ለዩኒታሪያኖቹ ጥለው ሄዱ። እንደ ገና ከባዶ ሠሩ። የዴዳሞቹ ከመንገዱ ማዶ አዲስ መሰብሰቢያ ቤት አቆሙ። ዛሬ አሊን ጉባኤ ይባላል፣ በመጀመሪያው ፓስተር ስም። ነባሩ ደግሞ የዩኒታሪያን ዩኒቨርሳሊስት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እዚያው አለ። ሁለቱም የ1638 ወራሾች ነን ይላሉ።

ፍርዱ ሌላም ውጤት ነበረው። በመንግሥት ግብር የሚደገፍ ቤተ ክርስቲያንን አጥብቀው ሲከላከሉ የኖሩት ነባር አማኞች፣ ያ ሥርዓት ንብረታቸውን ሲወስድባቸው አቋማቸው ላላ። ባፕቲስቶችና ሌሎች ለዘመናት ሲጠይቁት የነበረው በ1833 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። ማሳቹሴትስ ለቤተ ክርስቲያን ግብር ማስከፈል ያቆመች የመጨረሻዋ ግዛት ሆነች።

አሜሪካ ውስጥ ሆነው ይህን የሚያነቡ ወገኖች ነገሩ ሩቅ እንደማይሆንባቸው አውቃለሁ። በስደት ያሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን፣ ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም፣ በአብዛኛው የሚመዘገቡት በግዛት ሕግ እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ ንብረቱን ቦርድ ይይዛል፣ ቦርዱ የምእመናን ነው። የዴዳም ደንብ ዛሬ አይሠራም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ጆንስ በዎልፍ ላይ በተባለው መዝገብ፣ ዳኞች ሃይማኖታዊ ክርክር ውስጥ ሳይገቡ የባለቤትነት ሰነዱን፣ መተዳደሪያ ደንቡንና የግዛቱን ሕግ አይተው መወሰን እንደሚችሉ ፈቅዷል። ስለዚህ ጠብ ሲነሳ ፍርድ ቤት የሚያገላብጠው ያንን ወረቀት ነው፤ ማን አባል እንደሆነ፣ ማን እንደሚመርጥ፣ አባል ሲወጣ ምን እንደሚቀር። ቦርድ ውስጥ ያላችሁ ደንባችሁን አውጡና እነዚህ ሦስቱ ተጽፈው እንደሆነ ተመልከቱ። ካልተጻፉ ደግሞ ሰላም እያለ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩና ጻፏቸው።